ረጅሙ ሥራና ብረቱ፦ ከዳምቦያ የእንሰት ጓሮ እስከ ወንጂ የአገዳ ማሳ

በእጅ ስለሚያዙ ስለታም መሣሪያዎች የሚወጡ የሥራ ቦታ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ለሠራተኛው ነው። ከሰውነትህ አርቀህ ቁረጥ፤ በደነዘ ስለት አትሥራ፤ ጓንትና ቦት ጫማ አድርግ፤ ለባልደረባህ ስታቀብል እጀታውን ወደ እሱ አዙር፤ ሥራህን ስትጨርስ ወደ ሰገባው መልስ። ከእነዚህ አንዱም ስህተት የለበትም። መመሪያው ለሠራተኛው ብቻ ሲናገር ግን ሳያነሳቸው የሚያልፋቸው ነገሮች አሉ፦ ስለቱን የመረጠው ማን ነው? የሥራውን ፍጥነት የወሰነውስ? ስለቱን ለመሞረድ የሚጠፋው ጊዜ ከማን ገቢ ላይ ይቀነሳል? የዚህ ጽሑፍ ክርክር ስለት ጉዳት የሚያደርሰው ከያዘው ሰው ቸልተኝነት ይልቅ ሥራው ከተደራጀበት መንገድ የተነሳ ነው የሚል ነው። ለዚህ ደግሞ የከምባታን ያህል ግልጽ ማስረጃ የሚሰጥ አካባቢ ጥቂት ነው። የዚህ አገር ሰዎች ሁለት ዓይነት የስለት ሥራ አውቀዋልና፤ አንደኛውን በጓሯቸው ራሳቸው አደራጁት፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ሸለቆ ሌላ ሰው አደራጅቶ ጠበቃቸው።

ዳምቦያ ከዱራሜ በስተሰሜን፣ ወደ ሐዲያ ወሰን የምትጠጋ የከምባታ ከተማ ናት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ትገኛለች። የአካባቢው ኑሮ የቆመው በእንሰት ላይ ነው። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት የቆየ እንሰት ሲነቀል ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ዋናው ድካምም የሴቶች ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ በገጀራ ወይም በቢላዋ ይመለመላል፣ ግንዱ ከሥሩ ይለያል። ይህ የብረት ሥራ ነው፤ ግን አጭር ነው። ከዚያ ረጅሙ ሥራ ይመጣል። ሴቲቱ ግንዱን ያቀፉትን ሽፋኖች አንድ በአንድ ገንጥላ ዘንበል ተደርጎ በቆመ ጣውላ ላይ ታጋድማለች። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አንድ እግሯን ወደ ላይ ትዘረጋና ሽፋኑን በተረከዟ ከጣውላው ጋር አጣብቃ ትይዘዋለች። በዚህ ጊዜ እጆቿ ለመፋቂያው ነጻ ናቸው። መፋቂያው ስንጥቅ ቀርከሃ ነው። ከላይ ወደ ታች በጎተተችው ቁጥር ነጩ ሥጋ ተፍቆ ይወርዳል፣ ቃጫው በጣውላው ላይ ይቀራል። የተፋቀው እንሰት ተጨምቆ ቡላው ይጠልላል፣ የቀረው በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ እስኪሆን ይብላላል። ሥሩን ለመፍጨትም የሚያገለግለው ጥርስ የወጣለት የእንጨት መሣሪያ ነው።

ይህን የሥራ ቅደም ተከተል በደህንነት ባለሙያ ዓይን ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ብረት የሚያስፈልገው በጥቂት ምት ለሚያልቅ ሥራ ነው፤ በሺህ ጊዜ ለሚደጋገመው ረጅም ሥራ ብረት አልተሰጠም። የቀርከሃ ጠርዝ የእንሰቱን ሥጋ ለመግፈፍ ይበቃል፣ የሰው ቆዳ ላይ ቢያርፍ ግን እንደ ቢላዋ አይዘልቅም። ሽፋኑን የሚይዘውም እጅ አይደለም፤ እግር ነው፣ እሱም ከምቱ መነሻ በላይ ስለሆነ መፋቂያው ከእሱ እየራቀ ይወርዳል። መሣሪያው ሲንሸራተት ወዴት ይሄዳል፣ በዚያ አቅጣጫ የሰው አካል አለ ወይ የሚለው የዛሬው የሙያ ደህንነት ትምህርት መሠረታዊ ጥያቄ በዚህ ጣውላ ላይ መልስ አግኝቷል።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ቀርከሃ የተመረጠው ለደህንነት ተብሎ አይደለም፤ ብረት ቃጫውን ስለሚቆርጠው ነው፤ ቃጫው ደግሞ ገመድና ከረጢት ይሆናል፣ ገበያም ይወጣል። እውነት ነው። ግን ይህ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። መሣሪያውን የመረጠችው ራሷ የምትሠራበት ሴት ናት፤ ቃጫው የእሷ ነው፣ እግሩም የእሷ ነው። መሣሪያ የሚመርጠውና በመሣሪያው የሚሠራው አንድ ሰው ሲሆን የምርቱ ጥቅምና የአካሉ ደህንነት በአንድ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ለደህንነት ብሎ አስቦ ባይመርጥም የሚያቆስለውን መሣሪያ ለረጅም ጊዜ አይታገሠውም።

ተመሳሳዩ ነገር በቆዳ ፋቂዎች ሥራ ላይም ይታያል። በሐዲያ፣ በጉራጌ፣ በሲዳማና በጋሞ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ቆዳ በድንጋይ ስለት የሚፍቁ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በአንዳንድ ቦታ ዛሬም አሉ። በዓለም ላይ የድንጋይ ስለት በሕይወት ካለ ሙያ ጋር ከዘለቀባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ በመሆኗ እነ ጄምስ ጋላገርና ስቲቨን ብራንት ያሉ የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች እነዚህን ሰዎች ለማጥናት ወደ ደቡብ ተጉዘዋል። በአፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ሲኖራቸው የሙያው የመጨረሻ ወራሾች የእኛው ጎረቤቶች መሆናቸው ራሱን የቻለ ድንቅ ነገር ነው፤ እዚህ የሚያስፈልገን ግን እጀታው ነው። የተሰነጠቀ ባልጩት እንደ መስታወት ስለታም ነው። ባለሙያው ባዶውን በእጁ አይዘውም። በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ያጣብቀዋል፣ እጀታውን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ቆዳው ደግሞ በቋሚ እንጨቶች ላይ ተወጥሮ ይቆማል። ሁለቱም እጆች እጀታው ላይ ስለሆኑ ከስለቱ ፊት የሚቀር እጅ የለም። ስለቱ ሲደንዝ ሥራውን አቁሞ ጠርዙን እንደገና ያወጣዋል፤ ይህ ማቆም የሥራው ክፍል ነው፤ ማንም ሰዓት አይቆጥርበትም።

በአገሩ ያለው የስለት ሥራ ሁሉ እንዲህ ነበር ማለት ግን ማጋነን ነው። ማጭድ አለ። ስንዴና ጤፍ በማጭድ ሲታጨድ ሥራው ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ ስለቱ ወደ ራስ ይጎተታል፣ ነዶውን የጨበጠው ግራ እጅም ከስለቱ ብዙ አይርቅም። ማጭድ ጣት ይቆርጣል፤ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ቢሆንም አጨዳው በደቦ ሲሆን ፍጥነቱን የሚወስነው ቡድኑ ነው። ዘፈኑ ምቱን ይመራል፣ የደከመ ቀና ይላል፣ ለምግብና ለመጠጥ አብረው ይቀመጣሉ፣ ወደኋላ የቀረውን ጎረቤቱ ያግዘዋል። ከእንሰቱ የሚለየው መሣሪያው አደገኛ መሆኑ ነው፤ የሚያመሳስለው ደግሞ ፍጥነቱ በሠሪዎቹ እጅ መሆኑ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ወንጂ መውረድ ያስፈልጋል።

በ1943 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ኤችቪኤ ከተባለው የአምስተርዳም ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ኩባንያው ለረጅም ዘመን በኢንዶኔዥያ በአገዳና በሌሎች ተክሎች ልማት ላይ የኖረ ነው፤ እዚያ የቅኝ ግዛት ዘመን ሲያበቃ ሌላ መሬት ፈለገ፣ ያገኘውም የጅሌ ኦሮሞዎች ከብት ያሰማሩበት የነበረውን የአዋሽ ሜዳ ነው። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሸዋ በ1955 ተከተለ፣ መተሐራ በ1962። ለቆረጣው የሚሆን ጉልበት በብዛት የመጣው ከከምባታና ከሐዲያ፣ ከወላይታም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። አገሩ ሰው የበዛበት፣ መሬት የጠበበበት ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ እንኳ በከምባታ ጠምባሮ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ ይኖር ነበር። ግብር በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል፣ ጨውና ልብስ በገንዘብ ይገዛል፣ ሙሽራ ለማምጣትም ገንዘብ ያስፈልጋል። እንሰት ቤተሰቡን ይመግባል እንጂ በቂ ጥሬ ገንዘብ አያመጣም። ስለዚህ ወጣቱ የአገዳ ወቅት ሲደርስ ይወርዳል፣ ክረምቱ ሲመጣ ይመለሳል። ከአንድ ትውልድ በላይ ለሆነ ጊዜ ወንጂና መተሐራ በከምባታ ቤቶች የታወቁ ስሞች ሆኑ።

አገዳ ቆረጣ ምን እንደሚጠይቅ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የስኳሩ መጠን የሚበዛው በአገዳው ግርጌ ስለሆነ አገዳው ከመሬት አጠገብ መቆረጥ አለበት፤ ከፍ ብሎ ከተቆረጠ ስኳሩ ጉቶው ላይ ይቀራል። ጫፉ ግን ስኳሩ ጥቂት ስለሆነ ተቆርጦ ይጣላል። ቆራጩ ወገቡን አጥፎ በግራ እጁ አገዳውን ያንቃል፣ በቀኙ የአገዳ መቁረጫውን ቆንጮራ አንስቶ ወደ ሥሩ ያወርደዋል፤ ቀና ብሎ ጫፉን ይቀነጥሳል፣ አገዳውን በመስመር ያስተኛል፣ እንደገና ያጎነብሳል። ከመቆረጡ በፊት ማሳው ተቃጥሎ ቅጠሉ ስለሚራገፍ ግንዱ ጥላሸት የለበሰ ነው። ከሰዓታት በኋላ እጀታው በላብ፣ በጥላሸትና በአገዳው ጭማቂ ይሙለጨለጫል። አሁን የእንሰቱን ጣውላ ከዚህ ጋር ያስተያዩ። አገዳውን የያዘው ግራ እጅ ከምቱ መስመር አጠገብ ነው። ምቱ የሚያልቀው ከግራ እግር ቅልጥምና ከጣቶቹ ፊት ለፊት ነው። መሣሪያው ከባድ ብረት ነው፣ ምቱም በቀን በሺህ ይቆጠራል። ረጅሙ ሥራና ብረቱ እዚህ ተገናኙ።

ፍጥነቱን የወሰነው ደግሞ ቆራጩ አይደለም፤ የቆራጮቹ አለቃ ካቦውም ብቻውን አልነበረም። ወፍጮው ነው። የተቃጠለ አገዳ ብዙ ሲቆይ ስኳሩ ስለሚበላሽ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወፍጮ መግባት አለበት። የወንጂ ፋብሪካ ሲጀምር በቀን 1,400 ኩንታል ያህል ስኳር እንዲያመርት የተሠራ ነበር፤ ከአገዳ ክብደት አንድ አሥረኛው ያህል ስኳር ይገኛል ብለን ብናሰላ በየቀኑ 14,000 ኩንታል አገዳ በሰው እጅ ተቆርጦ መድረስ ነበረበት። ወፍጮው ሌሊትም አይተኛም። የወፍጮው ፍላጎት ወደ ማቃጠያው ፕሮግራም፣ ከፕሮግራሙ ወደ ካቦው፣ ከካቦው ወደ ቆራጩ ክንድ ይወርዳል። ማስተላለፊያው የቁጥር ሥራ ነው፤ ሰውየው የሚከፈለው በቆየበት ሰዓት ሳይሆን በቆረጠው መጠን ነው። እንዲህ ሲሆን ቆንጮራን መሞረድ ገንዘብ የማይገኝበት ደቂቃ ይሆናል፣ ውሃ መጠጣትም፣ ጥላ ሥር ማረፍም። ቆራጩ የደነዘ ስለት እንደሚንሸራተት ከማንም መመሪያ ጸሐፊ በላይ ያውቃል። ግን እያንዳንዱ ጥንቃቄ ከገዛ ኪሱ የሚወጣ ወጪ ሆኖበታል።

የአገሪቱ ሕግ በዚህ መካከል የት ነበር? እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው አዋጅ ቁጥር 58 በፋብሪካ ውስጥ ያለውን የሥራ ሁኔታ ለመቆጣጠር ታስቦ የተደነገገ ነው፤ ዓይኑ በፋብሪካው ግድግዳ ውስጥ ባለው ሥራ ላይ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ሲደነግግ ለቤት ሠራተኛና ለእርሻ ሠራተኛ ለየት ያሉ ክፍሎች ሰጠ። በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት የወንጂ ሠራተኞች ከእንቅስቃሴው ግንባር ቀደሞች ነበሩ፤ በ1956 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 መጣ። ከዚያ በ1968 የደርጉ አዋጅ ቁጥር 64፣ በ1985 አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 አዋጅ ቁጥር 377፣ በ2011 አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156 ተተካኩ። ኢትዮጵያ በ1983 የዓለም የሥራ ድርጅትን የሙያ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን አጸደቀች። ይህን ጉዞ ማናናቅ አይገባም። የዛሬው አዋጅ አንቀጽ 92 አሠሪው ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ የደህንነት ኃላፊና ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ያው አንቀጽ በር ይከፍታል፦ ሠራተኛው የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ሆን ብሎ ከጣሰ አሠሪው ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ ጓንቱ እጀታውን ስለሚያዳልጥበትና ኮታውን ስለሚያጓድልበት ያወለቀ ቆራጭ ምን ይባላል? ሆን ብሎ ጣሰ ነው ወይስ በቁጥር ሥራ ተገደደ? መመሪያው ለሠራተኛው ብቻ ሲናገር መልሱ ከወዲሁ ያዘመመ ይሆናል።

ለኩባንያው የሚከራከሩ ሰዎች በወንጂ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና የመኖሪያ ሰፈር መሠራቱን ያስታውሳሉ፤ ብዙ የከምባታ ልጆችም እዚያ ፊደል ቆጥረዋል። ይህ እውነት ነው፤ አቅልዬም አላየውም። ሆኖም ሆስፒታል ቁስልን ይሰፋል እንጂ የቁስሉን ምክንያት አይነካም። ከዚህም በላይ ወንጂ ራሷ የተሻለ ማስረጃ ትሰጣለች። የሰፈሮቹ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር ጥርሳቸው የበለዘ፣ ዘመን ሲገፋም አጥንታቸው የደረቀና ጀርባቸው የጎበጠ ሠራተኞችና የቤተሰብ አባላት ብዙ ናቸው። ከውሃ ጉድጓድ ራስን በጓንት መጠበቅ አይቻልም። ጥንቁቁም ችላ ባዩም እኩል ጠጡት። የወንጂ ፍሎራይድ ጉዳይ ስለ ቆንጮራውም ይመሰክራል፤ በሁለቱም ዘንድ የአካል ጉዳት የመጣው የሥራውንና የኑሮውን ቦታ ካቀዱት ሰዎች ውሳኔ ነውና።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ከቆራጮቹ ከራሳቸው ነው። ለወራት ከቤቱ ርቆ የወረደ ሰው የቁጥር ሥራን ይወደዋል፤ ጉልበቱ እስካለ ብዙ ቆርጦ ብዙ ይዞ መመለስ ይፈልጋል። እረፍት ይጨመር ቢሉት ገቢዬን ቀነሳችሁብኝ ይላል። ይህ ቅሬታ መልስ የሚገባው ነው፤ መልሱ ደግሞ ከሌላ የአገዳ አገር ተገኝቷል። በመካከለኛው አሜሪካ ወጣት አገዳ ቆራጮች በሙቀትና በድካም ኩላሊታቸው እየተጎዳ ሲሞቱ በኤል ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በ2014–15 የምርት ወቅት አንድ ሙከራ ተደረገ። ለቆራጮቹ ተንቀሳቃሽ ጥላ፣ የሚሸከሙት ውሃና በሰዓት የተወሰነ እረፍት ተሰጠ፣ ቆንጮራውም ከወገብ ማጎንበስን በሚቀንስ ቅርጽ ተሻሻለ። የአንድ ሰው የቀን ምርት ከ5.1 ቶን ወደ 7.3 ቶን ከፍ ያለ መሰለ። የተሳተፉት ሰዎች በአሥሮች የሚቆጠሩ ብቻ ስለነበሩ ሙከራው ብቻውን የመጨረሻ ዳኛ አይሆንም፤ ግን እረፍት ገቢን ይቀንሳል የሚለውን እምነት እንደ ተፈጥሮ ሕግ መቀበል እንደማይገባ ያሳያል። ለእኔ የሚገርመው መሣሪያውና እረፍቱ አብረው መለወጣቸው ነው፤ የቆዳ ፋቂውን እጀታና ጠርዝ የሚያወጣበትን ቆይታ ያስታውሳል።

የጓሮው ሥራ ደግሞ ያለ ነቀፋ መቅረት የለበትም። የእንሰት ፍቂያ ጣት ባይቆርጥም ወገብ ይሰብራል። ለሰዓታት መሬት ላይ ተቀምጦ አንድ እግር አንስቶ መጎተት በእርጉዝና በአረጋዊት ላይ የሚያደርሰውን ማንም ሊያደበዝዘው አይገባም፤ እንደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት የፍቂያ መሣሪያ ለማሻሻል የተደረገው ጥረትም ከዚህ የመነጨ ነው። ስለቱን ሁሉ የሠሩት ቀጥቃጮች፣ ቆዳውን ያለሰለሱትም ፋቂዎች በገዛ አገራቸው ተንቀው ኖረዋል፤ ከመሬት፣ ከጋብቻና ከአንድ ማዕድ ተገልለዋል። ገጀራን በአግባቡ አሹሎ፣ እጀታውን ለእጅ አስማምቶ የሰጠን ሙያተኛ አንቋሾ ያኖረ ማኅበረሰብ ስለ ደህንነት ሲናገር ይህን ዕዳ አብሮ መቁጠር አለበት። የጓሮው ልማድ የሚያስተምረው አንድ የተወሰነ ነገር ነው፦ መሣሪያውንና ፍጥነቱን የሚወስነው የሚሠራበት ሰው ሲሆን የሥራው ቅርጽ ይለወጣል። ይህ ደግሞ የጥንት ዘመን ብቻ ንብረት አይደለም።

ዛሬም የአገዳ ወቅት ሲደርስ ከከምባታና ከሐዲያ ቀበሌዎች ወቅታዊ ሠራተኞች ይመለመላሉ፤ ወደ ወንጂና መተሐራ፣ ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ ፊንጫ። ውሉ የሚፈረመው ወይም በቃል የሚስማሙበት ሰውየው ገና ቆንጮራ ሳይጨብጥ ነው፤ ስለዚህ የደህንነት ደንቡ የሚጻፍበት ቦታም ይኸው ነው። የመሞረጃው ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈል። ሞረዱ፣ የግራ እጅ መከላከያውና የቅልጥም ጋሻው ከአሠሪው ይሁን፤ ሲያረጅም ያለ ክርክር ይለወጥ። ለውሃና ለጥላ የተመደበው ደቂቃ በኮታው ስሌት ውስጥ አስቀድሞ ይግባ። አንቀጽ 92 የሚጠይቀው የደህንነት ኮሚቴ የቆረጣ ሠራተኞችን ተወካይ ይያዝ፣ የቀኑ ኮታ ሲቆረጥም ድምፅ ይኑረው። የእጅና የእግር ጉዳት መዝገብም በሰውየው ስም ብቻ አይመዝገብ፤ በስንት ሰዓት፣ በስንተኛው ቶን፣ ቆንጮራው ከተሞረደ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደደረሰ አብሮ ይጻፍ።